እርጥብ ዝንጅብልን በስኳር ሽሮፕ ማቆየት

ከቅዳሜ ገበያ አንድ ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል የገዛ ቤተሰብ በሳምንት ውስጥ ለሻይና ለወጥ የሚጠቀምበት ከሩቡ እምብዛም አያልፍም፤ የቀረው በወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ወይ ይጨማደዳል፣ ወይ ያቆጠቁጣል፣ ወይም በተቆረሰበት በኩል ይሻግታል። አድርቆ መፍጨት የታወቀ መፍትሔ ነው፤ ይሁን እንጂ የደረቀ ዝንጅብል ማቃጠሉ ይጨምራል እንጂ የእርጥቡን ጠረን አይሰጥም። በስኳር ሽሮፕ የቆየ ዝንጅብል ግን መዓዛውን እንደያዘ፣ ለስላሳ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል፤ አብሮት የሚቀረው ሽሮፕም ከዝንጅብሉ ያላነሰ ጥቅም አለው። ሥራው አራት ቀን ይወስዳል፤ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ቀን በቀር ግን ከምድጃው አጠገብ የሚያቆየው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ልጨርሰው ብዬ ነበር። የተላጠውን ዝንጅብል ከውሃና ከስኳር ጋር በአንድነት ጥጄ በኃይለኛ እሳት አፈላሁት፤ ማታ ከድስቱ ያወጣሁት ቁራጭ ተኮማትሮ እንደ ጠፍር የሚጎተት፣ በጥርስ የማይበገር ነገር ነበር፤ ሽሮፑም በማግስቱ በጠርሙሱ ታች የስኳር ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። መልሼ ባፈላው፣ ውሃ ብጨምርበትም አልለሰለሰም። ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ሠርቼ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው፦ ዝንጅብሉ ስኳር ሳይነካው በፊት በውሃ ብቻ ፈጽሞ መለስለስ አለበት፤ ስኳሩም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሊሰጠው ይገባል። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው ሁሉ እንደ ቤቱ ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት ማርን ማሰብ ይበቃል። ያልተበረዘ ማር ተከድኖ ለዓመታት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ውሃ ተጨምሮበት ሲበረዝ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ጠጅም የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ስኳሩ ውሃውን አጥብቆ መያዙ ነው፤ ከመቶው ከ65 እጅ በላይ ስኳር በሆነበት ሽሮፕ ውስጥ አብዛኛው እርሾና ሻጋታ ለመኖር የሚያስፈልገውን ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ሥራችን በዝንጅብሉ ሥጋ ውስጥ ያለውን ውሃ በወፍራም ሽሮፕ መተካት ነው፤ ይህ ልውውጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ወፍራም ሽሮፕ በድንገት ካገኘው፣ ውሃው ከዝንጅብሉ የሚወጣው ስኳሩ ወደ ውስጥ ከሚገባው ይልቅ ፈጥኖ ስለሆነ ቁራጩ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ በኋላም ስኳሩ እንደዚያው አድርጎ ያጸናዋል። ስኳር ጠንካራውን አያለሰልስም፤ ባገኘው ሁኔታ ያቆየዋል እንጂ።

ስለ አመራረጡ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ዝንጅብል ከተተከለ ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል፤ ለሽሮፕ የሚመረጠው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ቃጫው ሳይጠነክር የተነቀለው ነው። የለጋው ልጣጭ ስስና የሚያበራ ሲሆን በጥፍር ሲጫሩት በቀላሉ ይነሣል። ሻጯን ፈቃድ ጠይቆ ከዝንጅብሉ አንዷን ጣት መስበር ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው፦ ቀጭ ብላ ከተሰበረችና ስብራቱ እርጥብ ሆኖ ጥቂት ቃጫ ብቻ ከታየበት ለጋ ነው፤ ስትጎተት ቆይታ እንደ ተበጠሰ ገመድ ጭራ ካወጣች ግን የደረሰ ነው። የደረሰውም ቢሆን አይጣልም፤ ቀጠን ተደርጎ ይከተፋል፣ በውሃም ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀላል።

የአገራችን ዝንጅብል በብዛት የሚመረተው በወላይታ፣ በከምባታና በአካባቢያቸው ስለሆነ እኛ ወዳለንበት ጣና ዳር እስኪደርስ ብዙ መንገድ ይጓዛል፤ በጆንያ ታፍኖ የቆየው ደግሞ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በ2004 ዓ.ም. ማሳዎቹን ክፉኛ የጎዳው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታም በሥሩ ላይ የሚታወቀው ውስጡን ቡናማና ውሃ ያዘለ በማድረግ ነው። ሲቆረጥ እንዲህ ያለ መልክ ያለው፣ ወይም የሚሸት ቁራጭ ሲገኝ የተበላሸውን ጎን ብቻ ቆርጦ ከማዳን ይልቅ ያንን ጣት በሙሉ ማስወገድ ይሻላል።

ለአንድ ጊዜ ሥራ 1.2 ኪሎ ያህል ዝንጅብል፣ 1.5 ኪሎ ነጭ ስኳርና ሁለት ሎሚ ይበቃል፤ ዝንጅብሉ ሲላጥ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ዘጌ በቡናውና በጌሾው ብቻ ሳይሆን በሎሚውም የታወቀ ስለሆነ የባሕር ዳር ሰው ለሎሚ አይቸገርም፤ ትንሹና ልጣጩ ስስ የሆነው ሎሚ ከትልቁ ይልቅ ጭማቂ አለው። ድስቱ ታቹ ወፍራም የሆነ የማይዝግ ብረት ቢሆን መልካም ነው፤ የሎሚ ኮምጣጣ በተራ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ብረቱን ስለሚበላው ሽሮፑ የብረት ጣዕም ይይዛል፣ መልኩም ይጠቁራል።

ዝንጅብሉን ከማጠብ በፊት ጣቶቹን ከመጋጠሚያቸው መለያየት ይገባል፤ አፈር የሚደበቀው በዚያ ነው። ለመላጥ ቢላዋ አያስፈልግም። የሻይ ማንኪያን ጠርዝ ወደ ራስ እየሳቡ ቢፍቁት ልጣጩ እንደ እርጥብ ወረቀት ይነሣል፤ ጎባጣውንና ጎድጓዳውንም ተከትሎ ይሄዳል። ቢላዋ ከልጣጩ ጋር ወፍራም ሥጋ አብሮ ያነሣል፤ ጉዳቱ የክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የዝንጅብል መዓዛ ያለው ዘይት በብዛት የሚገኘው ከልጣጩ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ነውና። ከተላጠ በኋላ ለቃጫው አግድም፣ በ4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይከተፋል። በቃጫው ርዝመት የተከተፈ ዝንጅብል የቱንም ያህል ቢቀቀል አፍ ውስጥ ክር ሆኖ ይቀራል። ከዚያም ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ፈስሶበት ተከድኖ ያድራል።

በማግስቱ፣ ከአራቱ ቀናት በመጀመሪያው፣ የተነከረበት ውሃ ይደፋና አዲስ ውሃ ሁለት ጣት ከፍ እስኪልበት ድረስ ፈስሶበት ለ10 ደቂቃ ይፈላል። ይህ ውሃ ኃይለኛ ስለሆነ ይጠነፈፋል፤ ለሻይ ማስቀመጥ ይቻላል። ቀጥሎ እንደገና አዲስ ውሃ ይደረግበትና በመጠነኛ እሳት እስኪለሰልስ ድረስ ይቀቀላል፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በዝቅተኛ አገር የተጻፈ መመሪያ 30 ደቂቃ ያለው እዚህ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ለደረሰ ዝንጅብል ደግሞ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ሰዓትን ከማመን ቁራጩን መፈተን ይበልጣል። ወፍራሙን መርጦ በማንኪያ ማውጣት፣ ጥቂት ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጫን ነው፦ እንደ ተቀቀለ ካሮት ያለ ብዙ ግፊት ከተሰነጠቀ ደርሷል፤ ተጣጥፎ ከተመለሰ ገና ነው። ጥቂት እንኳ የሚያጠራጥር ከሆነ ሌላ 15 ደቂቃ መጨመር ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ የሚስተካከልበት ዕድል የለምና። ሲያበቃ ይጠነፈፋል፤ ከመቀቀያው ውሃ 700 ሚሊ ሊትር ለሽሮፑ ይቀመጣል።

በዚያው ዕለት፣ የተቀመጠው 700 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ600 ግራም ስኳር ጋር ይጣዳል። ስኳሩ ሟሙቶ ሲፈላ የተጠነፈፈው ዝንጅብል ይጨመርና እሳቱ ተቀንሶ 15 ደቂቃ ብቻ ይንተከተካል፤ ከዚያ ይወርድና ተከድኖ ያድራል። በከሰል ለሚሠራ ሰው እሳቱን ለመቀነስ ፍሙን ከመበተን ይልቅ በላዩ ላይ አመድ ነስነስ ማድረግ የተሻለ ነው፤ ሙቀቱ ለረጅም ጊዜ ሳይዋዥቅ ይቆያል፣ ሽሮፑም አይገነፍልም። በሁለተኛው ቀን ዝንጅብሉ በጭልፋ ወጥቶ በሽሮፑ ውስጥ 400 ግራም ስኳር ይሟሟል፣ ዝንጅብሉ ይመለስና 20 ደቂቃ ያህል ሳይከደን ይንተከተካል፣ እንደገና ያድራል። በሦስተኛው ቀን የቀረው 500 ግራም ስኳርና ዘሩ የተጣራ የሁለቱ ሎሚ ጭማቂ ይጨመራል፤ በዚህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይከደን ይቆያል።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። ኮምጣጣው ከሙቀቱ ጋር ሆኖ የስኳሩን ከፊል ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል፤ እነዚህ ሁለቱ በሽሮፑ ውስጥ ሲኖሩ የቀረው ስኳር ተያይዞ ወደ ድንጋይነት እንዳይለወጥ ይከለክሉታል። ሎሚ በሌለበት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ማር የገባበት ከሆነ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ድስቱን በማማሰያ ደጋግሞ ማማሰል አይገባም፤ ጆሮውን ይዞ ወዘወዝ ማድረግ ይበቃል። በድስቱ ግድግዳ ላይ የደረቀ ስኳር ከታየም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ አንዲት ደረቅ የስኳር ፍሬ ተመልሳ ብትገባ ሌላውን ስባ ማርጋት ትጀምራለች።

በሦስተኛው ቀን ማታ የቁራጩ መልክ ሲለወጥ ይታያል። ከውሃ እንደወጣ ፈዛዛና ወተት ነክ ቢጫ የነበረው ዝንጅብል ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መካከሉ ይጠራል፤ በአራተኛው ቀን አንዱን በሹካ አንሥተው ወደ መስኮት ቢያዞሩት ብርሃን በውስጡ ያልፋል፣ በብርሌ ያለ ጠጅም ይመስላል። መሐሉ ላይ ገና ነጭ ደመና የሚታይ ከሆነ ስኳሩ ስላልዘለቀው ወደ መጨረሻው ማፍላት ከመሄድ በፊት አንድ ቀን ይጨመርለት።

በአራተኛው ቀን ድስቱ ሳይከደን በመጠነኛ እሳት ይጣድና ሽሮፑ የሚፈለገው ውፍረት ላይ እስኪደርስ ይንተከተካል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው አስቀድሞ በዚያው ቴርሞሜትር ተራ የፈላ ውሃ ይለካ፤ ሽሮፑ ከዚያ ቁጥር በ5 ዲግሪ ሲበልጥ ስኳሩ ከመቶው 70 እጅ ገደማ ደርሷል። በባሕር ዳር ይህ 99 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌላ ቦታ የተጻፈውን 105 ወይም 106 ዲግሪ አምኖ የሚጠብቅ ሰው ግን እዚህ ከፍታ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሽሮፑን ወደ ከረሜላነት ያደርሰዋል፤ ብዙዎች መመሪያውን በትክክል ተከትለው የሚያበላሹት በዚህ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ሚዛን ይበቃል፦ ባዶው ድስት አስቀድሞ ከተመዘነ፣ ዝንጅብሉና ሽሮፑ አብረው ወደ 2.3 ኪሎ ሲወርዱ ሽሮፑ በቅቷል። ሁለቱም በሌሉበት ደግሞ ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጥሎ፣ ጥቂት አቆይቶ ሳህኑን ማዘንበል ነው፤ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ገና ነው፣ እንደ ማር እየተንቀራፈፈ ከወረደ ድስቱ ከእሳት ይወርዳል። ጆሮም ይረዳል። በመጀመሪያ ፈጣንና ጩኸታም የነበረው አረፋ ወደ መጨረሻው እየተለቀ፣ እየዘገየ፣ ድምፁም እየወፈረ ይሄዳል።

ጠርሙሶቹና ክዳኖቻቸው አስቀድመው በሳሙና ታጥበው፣ በውሃ ተሸፍነው ይቀቀላሉ። በዝቅተኛ አገር 10 ደቂቃ ሲበቃ በእኛ ከፍታ 15 ደቂቃ ማድረስ ያስፈልጋል። ገና ትኩስ ሳሉ፣ ትኩሱ ዝንጅብል በንጹሕ ጭልፋ ይሞላባቸዋል፤ ሽሮፑም ዝንጅብሉን ፈጽሞ ሸፍኖ ከአፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከሽሮፑ ብቅ ያለ ቁራጭ ሻጋታ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ቢላዋ በጎን አስገብቶ የታፈነውን አየር ማስወጣት፣ አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ ቀኑንም ጽፎ መለጠፍ ይገባል።

ከምድጃና ከፀሐይ የራቀ ቀዝቀዝ ያለ መደርደሪያ ለማስቀመጥ ተስማሚ ነው። ያልተከፈተ ጠርሙስ በዚህ ሁኔታ እስከ 6 ወር ይቆያል፤ ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ላለው ቤት እዚያ ማኖር ይመረጣል። የሐይቁ ዳር ቤቶች ጉንዳን አይጠፋቸውምና ጠርሙሱን ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን መካከል ማቆም ጥሩ መከላከያ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ማንኪያው ደረቅ መሆኑ ነው፤ በእርጥብ ማንኪያ የሚገባው ጥቂት ውሃ ላይኛውን ሽሮፕ እንደ ብርዝ ያቀጥነዋል፣ እርሾም ሥራውን ከዚያ ይጀምራል። አረፋ ማውጣት፣ የክዳን ማበጥ፣ የጠጅ ወይም የሆምጣጤ ሽታ፣ በላዩ ላይ ነጭ ሽፋን፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ የላዩን ገፎ የቀረውን መብላት አደገኛ ስለሆነ ጠርሙሱ በሙሉ ይደፋ። አረፋና ሽታ ሳይኖር ስኳሩ ብቻ ቢረጋ ግን ብልሽት አይደለም፤ ጠርሙሱን በሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይመልሰዋል።

ከዚሁ ዝንጅብል ከፊሉን ደረቅ አድርጎ ማስቀመጥ የሚፈልግ፣ ሽሮፑ ከበቃ በኋላ ቁራጮቹን በወንፊት ላይ አፍስሶ በደንብ ማጠንፈፍ፣ ሳይነካኩ በሽቦ ወንፊት ላይ መደርደር፣ በስስ ሻሽ ሸፍኖ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማቆየት፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይጣበቅ ሲሆን በስኳር ማንከባለል ይችላል። ይህ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ያምራል። በሐምሌና በነሐሴ የጣና ዳር አየር እርጥበት ስላለው ስኳሩ ውሃ ከአየር ስቦ ያላባል፤ በክረምት በሽሮፕ እንደሆነ መተው ይመረጣል።

ሽሮፑ በሻይ ላይ ከስኳር ይልቅ ይጥማል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ብርጭቆ ይበቃል። በጋ ላይ ከቀዝቃዛ ውሃና ከሎሚ ጋር ይጠጣል። የተከተፈው ዝንጅብል በጾም ዳቦና ኬክ ሊጥ ውስጥ ይገባል፤ ወተትም ቅቤም ስለሌለበት ለጾመኛ እንግዳ ከቡና ጋር ማቅረብ ይቻላል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ዝንጅብል ስለሆነ ብቻ እንደ መድኃኒት አድርጎ መስጠት ስሕተት ነው፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነውና። ዝንጅብሉ አልቆ ሽሮፑ ከተረፈ፣ ንጹሕና ያልተበላሸ እስከሆነ ድረስ ለሚቀጥለው ድስት የመጀመሪያ ቀን ሽሮፕ ሊሆን ይችላል፤ መዝኖ ከክብደቱ ሰባ በመቶውን እንደ ስኳር፣ ቀሪውን እንደ ውሃ ቆጥሮ ከ600 ግራሙና ከ700 ሚሊ ሊትሩ ላይ መቀነስ ነው።